እብነ በረድ የሆነችው አክስቴ

አክስቴ ዘሪቱ ድንጋይ መሆን የጀመረችው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በልግ ላይ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ዓይኔ ግን የጭልፊት ነበር፤ ማስረጃም ነበረኝ። ማስረጃዬ ደግሞ ከገበያ የተለቀመ ወሬ አይደለም፣ ከመምህር እውነቱ መጽሐፍ ነው።

መምህር እውነቱ ከደብረ ታቦር ተመድቦ ጂንካ የመጣ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሰውየው መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ነገ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረውን ዛሬ አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ለዶሮዎቻችን ያስተምራቸዋል። አባቴ ተረፈ "ይሄ ሰው እግሩ ውስጥ ጉንዳን አለ" ይል ነበር። እኔም ጉንዳን ያለብኝ ልጅ ስለነበርኩ ከኋላ ከኋላው እል ነበር።

ያን ሰሞን የሚያስተምረው ስለ ሮም ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ ገጾቹ በጂንካ እርጥበት የተጣበቁ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ነበረው። እኔ ገጾቹን በጥፍሬ ቀስ እያልኩ አላቅቅለታለሁ፤ በዚያ ምክንያት ማየት ይፈቀድልኛል። ውስጡ ነጫጭ ሰዎች ሞልተውበታል። ነጭ ማለቴ ፈረንጅ ማለቴ አይደለም፤ ፈረንጅማ ሐሙስ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ካሜራ አንግቶ ሲርመሰመስ አውቀዋለሁ። እነዚህ ግን ፀጉራቸውም ነጭ፣ ከንፈራቸውም ነጭ፣ ዓይናቸው ብሌን የሌለው ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አፍንጫው የት ሄደ?"

"ተሰበረ።"

"ይህቺስ እጆቿ?"

"እጆቿ ለብቻ ተሠርተው በብረት የተሰኩ ነበሩ፤ ወለቁ። እብነ በረድ ነው ሶሲ። የድንጋይ ንጉሥ በይው። ከተራራ ቆርጠው፣ በመርከብ ጭነው፣ በበሬ ጎትተው ያመጡታል። የሚወዱትን ሰው በእሱ ያስቀርጹታል። ሰውየው ይሞታል፣ እብነ በረዱ ይቀራል።"

"ዓይናቸውን ማን አጠፋው?"

"ማንም አላጠፋውም። ያኔ ቀለም ነበራቸው። ከንፈሩ ቀይ፣ ፀጉሩ ቡኒ፣ ልብሱ ወይን ጠጅ። ዝናብና ፀሐይ እያጠበው ነጣ። ሮማውያን ዛሬ ተነስተው ቢያዩአቸው 'ምነው ታመሙ እንዴ?' ይሉ ነበር።"

ከዚያ አንዱን ራቁቱን የቆመ ጎልማሳ አሳየኝ። እግሩ ሥር የዛፍ ጉቶ ተለጥፎበታል። ጉቶው ምን ይሠራል ስለው፣ እብነ በረድ ከባድ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ብቻውን አይችለውም፣ ደጋፊ ካልተደረገለት ከእግሩ ላይ ይቀነጠሳል አለኝ። ይህን ነገር በደንብ አድርጌ ያዝኩት።

"ሲሰበሩ አያማቸውም?"

"እብነ በረድ ምን ይሰማዋል? ቢላዋ ብትሰኪበት፣ ፍም ብታስቀምጪበት፣ ወይ ፍንክች!" አለና ወደ ዶሮዎቹ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ፍም ተቀምጦበት ፍንክች የማይል ሰው አውቃለሁ።

ዘሪቱ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ ቤት ነው የምትኖረው። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቦንቦሊኖ ትጠብሳለች። ዝነኛ ናት ስላችሁ ዝም ብላ ዝነኛ አይደለችም። ቦንቦሊኖውን ከሚንተከተከው ዘይት ውስጥ የምታወጣው በጣቶቿ ነው። በባዶ ጣቶቿ! ሾፌሩም ረዳቱም ከአርባ ምንጭ ሲመጣ መጀመሪያ እሷን ለማየት ነው የሚወርደው። ልትነሳ ያለች አውሮፕላን ለማየት ሜዳው ዳር የተሰበሰበ ሰው እንኳ ፊቱን ወደ ዘሪቱ ያዞር ነበር። "ጭልፋ የለሽም?" ሲሏት "ጭልፋ ለሰነፍ ነው" ትልና ሁለቱን ጣቶቿን ዘይቱ ውስጥ ሰደድ፣ መለስ። ሰው ያጨበጭባል። የቀይ አፈሩ ሉቃስ የወደዳት እዚያ ቆሞ ቦንቦሊኖ ሲበላ ነው። ሉቃስ በአይሱዙ ከአልዱባ በቆሎና ፍየል ያመላልስ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለግንቦት ተቆርጧል።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያናችን ደረሰ። ወንጌላዊ ሕዝቅኤል አንድ እሑድ ስለ ሦስቱ ወጣቶችና ስለ እቶኑ እሳት ሰበከና "ወገኖቼ፣ ሩቅ አትሂዱ! እሳት የማይነካት እህት እዚሁ መካከላችን አለች። እህት ዘሪቱ ትምጣና ትመስክር!" አለ። ሃሌሉያው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። ዘሪቱ ወደ ፊት ወጣች፣ አንገቷን ደፋች፣ "ጌታ ይመስገን" ብቻ ብላ ተመለሰች። አባቴ ከሽማግሌዎች ወንበር ላይ ሆኖ ፊቱ አብርቷል። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ያህል የፈራ ሰው ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራዬ ላይ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይደለም።

ጉባኤው ተአምር ነው ብሎ አመነ፤ መናኸሪያው ደግሞ ሙያ ነው ይላል። እኔ ግን ነሪ ወንዝ አብሬያት ልብስ ላጥብ ስወርድ ያየሁትን አይቻለሁ። እጅጌዋን ስትሰበስብ ከክርኗ በላይ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ነጣ ያለ፣ ላብ የማይወጣው፣ ለስላሳ ቦታ አለ። ጀርባዋ ላይም አለ። "እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?" ስላት "ቋቁቻ ነው፣ አርፈሽ እጠቢ" አለችኝ፤ እጅጌዋን ግን እርጥቡን እንዳለ ወደ ታች ጎተተችው። በሌላ ቀን ደግሞ እሳት ስትቆሰቁስ ፍም ፈናጥሮ አንጓዋ ላይ አረፈ። እሷ ከእናቴ ጋር ስለ ሠርግ ድንኳን ታወራለች። ፍሙ ተቀምጧል። ፀጉር ሲያር የሚሸተው ሽታ ሸተተኝ። እናቴ "ኧረ እጅሽ!" ብላ ስትጮህ ነው ያራገፈችው፤ ያውም እየሳቀች።

በቃ፣ አበቃ። አክስቴ እብነ በረድ እየሆነች ነው።

ደስ አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? በጣም ደስ አለኝ። በጂንካ ከተማ ማን እብነ በረድ የሆነ ዘመድ አለው? ለምን በቁራጭ በቁራጭ እንደሆነ ደግሞ ራሱ መምህር እውነቱ ሳያውቅ ፈታልኝ። ሮማውያን ግንብ ሲሠሩ ውስጡ ጡብና ሸክላ፣ ላዩ ስስ እብነ በረድ ነው አለ። እንደ ልባስ ይለጥፉበታል፤ ከግብፅ ቀዩን፣ ከሌላ አገር አረንጓዴውን፣ ከራሳቸው ነጩን። "አላፊ አግዳሚው ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ይመስለዋል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው" አለ። ገባኝ። ዘሪቱም ልባሷ ተጀምሯል፣ ውስጧ ገና ነው።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ ቁርጭምጭሚቷ። ስለዚህ ከጓሯችን የግራር ጉቶ እያንከባለልኩ፣ በላብ ተጠምቄ መናኸሪያ አደረስኩና ዱካዋ አጠገብ እግሯ ሥር ወተፍኩት። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች። "እንዳትሰበሪ ነው" አልኳት። ሉቃስ ሳቀና ቦንቦሊኖው አነቀው። ዘሪቱ አልሳቀችም። ጉቶውን በእግሯ ገፋ አድርጋ "ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች" አለችኝ። ዛሬ ስገምት፣ ያን ቀን የማውቅባት መስሏት ነው።

ያ በልግ ሰው ሁሉ የሚቁነጠነጥበት ነበር። ዝናቡ ይመጣል ይሄዳል፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ አባቴ ስለ ሠርጉ በሬ ከቤት ይወጣል ይገባል፣ ዘሪቱ የተቀመጠችበት ሳይሞቅ ትነሳለች። እኔም እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ግን ሁሉንም ያመሰቃቀለው የመምህር እውነቱ የመጨረሻ ትምህርት ነው።

አመሻሽ ላይ ነው፤ ካፊያ ነበር። እሱ ከነጃንጥላው ግቢውን ይመላለሳል፣ እኔ ከበረንዳው ሥር ገጽ አላቅቃለሁ። "ታዲያ ሮም ስትወድቅ" አለ ለዶሮዎቹ፣ "ይህ ሁሉ ሐውልት የት ገባ? ግማሹን ዘመን በላው። ግማሹን ግን ሰው ነው የበላው! ኖራ ሲፈልጉ ሐውልቱን ይሰባብሩና እቶን ውስጥ ይከቱታል። እብነ በረድ እሳት ሲበዛበት ምን ይሆናል? ነጭ ኖራ! የንጉሡ ፊት፣ የእመቤቷ ክንድ፣ ሁሉም ኖራ ሆነ። ግድግዳ ቀቡበት!"

ቤታችን ለገና ኖራ ተቀብቶ ነበር። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት። ከቅድም ጀምሮ የተደገፍኩበት ነው፤ ቀሚሴ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። የማን ክንድ ነው? ብናኙን አራገፍኩት። ከዚያ ዘሪቱ ትዝ አለችኝ፤ ሁልጊዜ፣ በየቀኑ፣ ጣቷን እሳት ላይ!

በባዶ እግሬ መናኸሪያ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የማታው አውቶቡስ ገና ገብቶ ሰው ከቧታል። እጇን ልትሰድ ስትል ክንዷ ላይ ተንጠለጠልኩ። "ተይ! ኖራ ትሆኛለሽ! እትዬ ተይ፣ ትቀልጫለሽ!" ሊጡ ተደፋ፣ ዘይቱ ፈናጠረ፣ ረዳቱ እግሩን ይዞ ጮኸ። ጥፊ ቀመስኩ። ሰውም "የልጅ ነገር!" እያለ ተሳሳቀ። እያለቀስኩ ስመለስ መምህር እውነቱ በራፋችን ላይ አገኘኝ።

ነገርኩት። ነጩን ነገር፣ ፍሙን፣ ጣቶቿን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። "ጋሼ፣ እብነ በረድ እየሆነች ነው፣ እሳቱን ካልተወች ኖራ ትሆናለች፣ ንገሯት!"

ያ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

"ነጣ ያለው ቦታ ላይ ስትነኪያት ይሰማታል?"

"አይሰማትም አልኩ እኮ! እብነ በረድ ምን ይሰማዋል?"

"ጣቶቿ ይታጠፋሉ?"

"ትንሿ ጣቷ አትዘረጋም።"

አንገቱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ። አያቱ እሷን በያዛት ደዌ ጣቶቹንና አፍንጫውን ያጣ፣ ከመንደር ዳር ጎጆ ተቀልሶለት የኖረ ሰው እንደነበር የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ግን እብነ በረድ የሚያውቅ አንድ ሰው እብነ በረድ መኖሩን ሲያረጋግጥልኝ ነው። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። በለቅሶዬ መካከል ኮራሁ።

መምህሩ አባቴን ሊያነጋግር ገባ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፤ ዘሪቱም ከመናኸሪያ ተመልሳ እንጨት እንደታቀፈች በጓሮ በር ላይ ቆማለች። ድምፃቸው መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር።

"...ዛሬ መድኃኒት አለው፣ አቶ ተረፈ። በነፃ ነው። ቶሎ ከተጀመረ..."

"ምን እያሉኝ ነው? በቤቴ ለምጻም አለ እያሉኝ ነው?"

"ለምጽ አላልኩም። የሥጋ ደዌ ነው የመሰለኝ። ሐኪም ይያት ነው የምልዎት።"

"ሠርጓ ደርሷል! ጉባኤ ፊት የመሰከረች ልጅ ናት!"

"እሳቱ የማያቃጥላት ስለማይሰማት ነው እንጂ..."

"ውጣ!" አለ አባቴ። "አንተ ሰው፣ ቤቴን ልታፈርስ ነው የመጣኸው? በሳምንት ውስጥ ክፍሉን ልቀቅ!"

አባቴ መምህር እውነቱን "አንተ" ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከቃላቱ ሁሉ የገባኝ ለምጻም የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱም የሰንበት ትምህርት ቤት ታሪክ ነው፤ ጌታ "ንጻ" ይለዋል፣ ይነጻል፣ ያልቃል። ስለ ዘሪቱ የሚያወሩ አልመሰለኝም። ዘሪቱ ግን እንጨቱን መሬት ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠችው፤ ድምፅ እንዳይሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ቀሰቀሰችኝ። "ሶሲ፣ ተነሺ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

"የት?"

"ዝም ብለሽ ነይ።"

ነጠላዋን ተከናንባ ጤና ጣቢያው በር ደረስን። ተመለሰች። አውሮፕላን ሜዳው ድረስ ሄደን ላሞቹ መካከል ቆመን፣ እንደገና ወደ በሩ። እንደገና ተመለሰች። አንድ የምታውቀን ሴት "ዘሩዬ፣ ምነው በደህና?" ስትላት "ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ነው" አለችና እኔን ጎተተች። ትኩሳት እንደሌለብኝ ልናገር ስል ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። በሦስተኛው ገባን። እኔን የወሰደችኝ ለሰበብ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ሲስተር ኤልሳ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ነጩን ቦታ አየች፣ ክርኗ ሥር በጣቷ ፈልጋ የሆነ ነገር ዳሰሰች። ከዚያ ከጥጥ ላይ ቀጭን ክር አወጣች። "ዓይንሽን ጨፍኚ። የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።" ትከሻዋን ነካቻት፤ ዘሪቱ አሳየች። አንገቷን ነካቻት፤ አሳየች። ነጩን ቦታ ነካቻት።

ዘሪቱ ጠበቀች።

መዳፏን ነካቻት። ዘሪቱ አሁንም ትጠብቃለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን ቀስራ። ፈተና ነው፣ እየወደቀች ነው! እኔ ደግሞ ፈተና ላይ ዘመዴ ሲወድቅ ዝም የምል ልጅ አይደለሁም። "እዚህ ነው እትዬ! መዳፍሽ ላይ!" ብዬ ጮህኩ። ዘሪቱ ቶሎ ብላ መዳፏን ጠቆመች። ጥጡ ግን ያኔ ክንዷ ላይ ነበር።

ሲስተር ኤልሳ በትከሻዬ ይዛ ወደ ውጪ አወጣችኝና በሩን ዘጋችው። በር ላይ ተቀምጬ ብዙ ጠበቅሁ። ዛሬ ያን ጥጥ የምይዘው እኔ ነኝ፤ በዚሁ በጂንካ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ቀስሮ የሚጠብቅ ሰው ፊት ስቆም፣ አንዳንዴ እኔም "እዚህ ነው!" ማለት ያምረኛል።

ዘሪቱ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ እጇ ላይ የኪኒን ማሸጊያ አለ። "ምን አለችሽ?" ስላት "ትድኛለሽ አለችኝ" አለች። "ወደ ሥጋ ትመለሻለሽ?" ግራ ገብቷት አየችኝ። "አዎ፣ ወደ ሥጋ እመለሳለሁ።"

እሑድ ወንጌላዊ ሕዝቅኤል ምስክርነት ያለው ሲል ዘሪቱ ማንም ሳይጠራት ተነሳች። አባቴ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ። "እሳቱ የማያቃጥለኝ ታምሜ ነው" አለች። "የሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ደብቄያችሁ ነበር። እናንተ ተአምር ስትሉ እኔ ያው ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።" ሰው ከመቀመጫው ሳብ ሳብ ሲል ሰማሁ፤ አግዳሚው ሁሉ ሲንቋቋ። ወንጌላዊው ከመድረኩ ወረደና እጇን በሁለት እጁ ያዘው። ድንጋይ መሆኗን ሊያረጋግጥ መስሎኝ፣ "ወደ ሥጋ እየተመለሰች ነው!" ብዬ ነገርኩት። እጇን አልለቀቀም፤ ጸሎቱም እንደዚያው ይዟት ነው ያለቀው። ከዚያ በኋላ ስለ እቶኑ እሳት ሲሰብክ አልሰማሁትም።

ከሰኞ ጀምሮ ከእሷ ቦንቦሊኖ የሚገዛ ሰው ጠፋ። ቀድሞ የሚያጨበጭበው ሾፌር ሁሉ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ተሰለፈ። እሷ ጠብሳ ትመልሳለች፣ እኛ ጠዋትም ማታም ቦንቦሊኖ እንበላለን። የሉቃስ ሽማግሌዎች መጡና ነገሩን አፈረሱት። መምህር እውነቱ ሻንጣውን ሲያስር አባቴ በሩ ላይ ብዙ ቆመ፤ በመጨረሻ "መምህር፣ ክፍሉ የእርስዎ ነው" አለ። ሰውየው ሻንጣውን ፈታ። ሁለቱም ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላወሩም።

እኔ ግን ሥራ ነበረኝ። ዘሪቱ ወደ ሥጋ መመለሷን መከታተል አለብኝ። ወራት ሲሄዱ ፊቷ ጠቆረ፣ ከበፊቱ በጣም ጠቆረ። ሮጬ ለመምህር እውነቱ "ቀለሟ እየተመለሰ ነው!" አልኩት። የኪኒኑ ባሕርይ ነበር፤ ቆዳ ያጠቁራል። እሱ ይህን አላወቀም መሰለኝ፣ "ጎሽ!" ብሎ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ።

መብራት ሳይጠፋ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ የዶሮ ላባ ይዤ አልጋዋ ላይ እወጣለሁ። "ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ተሰማኝ በይ።" መዳፏን እነካለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ትል ነበር፤ እኔም ኖራ እያሰብኩ ስገላበጥ አድራለሁ። አንድ ቀን ግን ልክ ላባው ሲያርፍ "ተሰማኝ" አለች። ጮህኩ! ደገምኩት። ላባውን አንስቼ አዘገየሁ፣ አታለልኳት፤ ስነካት ብቻ "ተሰማኝ" ትላለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሳተችም። መጽሐፉ ተሸነፈ አልኩ፤ እብነ በረድ ሥጋ ሆነ።

ሉቃስ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ብቻውን መጣ። ከአርባ ምንጭ እጀታው ረጅም የሆነ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጭልፋ ይዞ ነበር። መጥበሻው አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ተናደድኩ፤ ጭልፋ ለሰነፍ ነው። ዘሪቱ አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው፣ አንድ ቦንቦሊኖ አውጥታ ሰጠችው። ሰው ሁሉ እያየ፣ መናኸሪያው መሐል ቆሞ በላ። ከዚያ "ድገሚኝ" አላት። የተጋቡት መድኃኒቷን ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ በሬ።

ሁለት ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ቀይ አፈር ላይ አራት ልጆች አሳድጋለች። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃት ሄጄ፣ እሷ እንደ ልማዷ ቆማ፣ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ብዙ ጊዜ የከነከነኝን ነገር አነሳሁ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ በላባ ስነካሽ እንዴት ነበር የምታውቂው? ያን ያህል የቆየ ነርቭ እንደማይመለስ ለሰው የማስረዳው እኔ ነኝ። መዳፍሽ ዛሬም አይሰማውም። ባለፈው ዓመት ራሴ ነኝ የመረመርኩሽ።"

"አይሰማውም" አለች። "ሲስተር ኤልሳ የመጀመሪያ ቀን ነግራኛለች፤ አንቺን ካስወጣችሽ በኋላ። በሽታው ይጠፋል፣ እጅሽ ግን አይመለስም አለችኝ።"

"ታዲያ ዓይንሽ ተጨፍኖ... አንድም ቀን እኮ አልሳትሽም!"

ሳቀች። ትሪውን አንስታ ፊቴ አስቀመጠች።

"አንቺ ነሻ የምትነግሪኝ። ስትነኪኝ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር። ጭጭ ትያለሽ፤ ያኔ እኔ 'ተሰማኝ' እላለሁ። ከዚያ ትንፋሽሽን ለቀቅ ታደርጊና ትተኚ ነበር።"